ሮዛ ታነብለታለች

ባይሳ «ከቤቴ አልወጣም» ብሎ ይጽፍና ታብሌቱን ወደ ሽማግሌው ያዞረዋል።

ኦቦ ዋቅጅራ ጎንበስ ይላሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። መብራት ጠፍቷል፤ ይህ ታብሌት ደግሞ እንደ ስልክ ከውስጡ አያበራም፣ እንደ ወረቀት የውጭ ብርሃን ይፈልጋል። የሚታያቸው ግራጫ ነገር ብቻ ነው።

«ሮዛ፣ ልጄ፣ እስኪ አንብቢልን።»

የባይሳ ልጅ ሚስት ሮዛ እጇን በቀሚሷ አብሳ ትቀበላለች። ጽሑፉን ታየዋለች። ባይሳ ፊቷን ያያል፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«‹ተፍኪ ዘመዶቼ ጋ ውሰዱኝ› ነው የሚሉት» ትላለች በለስላሳ ድምፅ።

ባይሳ ራሱን ይነቀንቃል። ግን ስትሮክ ምላሱን ካሰረው ወዲህ ጭንቅላቱ ሲበላም ሲጸልይም ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጣል። እምቢታውን ከበሽታው የሚለይ ሰው የለም።

ሽማግሌው የመጡት ለዚሁ ነው። ልጁና ሮዛ ግቢውን ሊያከራዩ ፈልገዋል፤ አንድ አባወራ ከቤቱ ሲነሳ ደግሞ ሽማግሌ ከራሱ ቃሉን መስማት አለበት። ሰምተው ከመረቁ በኋላ ነገሩን የሚመልሰው የለም።

ባይሳ ታብሌቱን ይቀማታል። በወረቀት ላይ እስክሪብቶ የሚጫንበት ጉልበት የለውም፤ ይህ ብዕር ግን ዝንብ እንዳረፈ ያህል ብትነካው ይጽፋል። «ውሸቷን ነው» ብሎ በትልልቁ ይጽፋል።

ሮዛ ከትከሻው በላይ ታነባለች። «‹ዛሬውኑ› ይላሉ። እንዲህ ነው የሚቸኩሉት፣ ምን ላድርግ?»

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «ተፍኪ፣ ተፍኪ፣ አንድ ሰው የሞላ!» እያለ ይጣራል።

«ይኸው፣ መኪናውም ሰምቶሃል፣ ባይሳ» ይላሉ ኦቦ ዋቅጅራ። ይስቃሉ። ሮዛም ትስቃለች።

ጥግ ላይ የተቀመጠው ዲሪርሳ አይስቅም። ዲሪርሳ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዞ ያመጣቸው እሱ ነው። የብዕሩ ጫፍ ሲያልቅ በወረንጦ ነቅሎ አዲስ የሚተካው እሱ፣ ብዕሩ ከታብሌቱ ጎን ተለጥፎ እንዲያድር ያስለመደውም እሱ። ትምህርቱን በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ሆሄ፣ ስለጨረሰ የባይሳን የአማርኛ ፊደል ማንበብ አይሆንለትም። ስለዚህ አዲስ ጫፍ ሲሞክር የሚጽፈው በቁቤ ነበር፤ ባይሳም ከሥሩ እየገለበጠ ጥቂት ቃላት ይዟል።

አንዱን ያስታውሰዋል። «ላኪ»። በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው።

አዲስ ገጽ ይከፍታል። አንድ ቋሚ መስመር ያወርዳል፣ ከሥሩ አጭር መስመር ያጋድምለታል። ከዚያ የሚቀጥለውን ሆሄ። ምላሱ እንኳ በታሰረ አፉ ውስጥ አብሮ ይገፋል።

«ምን እያደረገ ነው?» ይላሉ ኦቦ ዋቅጅራ።

«ሲደክማቸው ይሞነጫጭራሉ። እንደ ልጅ ሆነዋል እኮ።»

ባይሳ ጽፎ ይጨርሳል። ታብሌቱን ወደ ሮዛ ሳይሆን ወደ ዲሪርሳ ይዘረጋል። ዲሪርሳ ተነስቶ ይመጣል፤ ወደ መስኮቱ ያዘነብለዋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንብቦታል። ማንበቡን ባይሳ አይቷል፤ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ይላላል።

«እህ፣ አንተስ ይታይሃል? ምን ይላል?» ይላሉ ሽማግሌው።

«ዲሪ» ትላለች ሮዛ፣ ሳትቸኩል። «ለመንገድ ዳሯ ክፍል ሌላ ቁልፍ አስቀርጬልሃለሁ። ስትወጣ እንዳትረሳው።»

የመንገድ ዳሯ ክፍል ባይሳ የሚተኛባት ናት፤ ለስልክ መጠገኛ ሱቅ የምትመች።

ዲሪርሳ ወደ ሮዛ ያያል። ታብሌቱን ባይሳ ጭን ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ በጥንቃቄ፣ መስታወቱን ሳይነካ።

«ሥዕል ነው ኦቦ። ቤት መሰለኝ።»

«እሰይ። የተፍኪው ቤት በዓይኑ መጥቶበታል።»

ሮዛ ብዕሩን ከባይሳ ጣቶች መሀል ታወጣዋለች። አጥብቆ አልያዘውም፤ አጥብቆ መያዝ አይችልም። ብዕሩን ገልብጣ በጅራቱ የጻፈውን ታጠፋዋለች፣ የሕፃን አፍ እንደምትጠርግ ቀስ ብላ። ከዚያ ብዕሩን ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች።

«ይኼ እዚሁ ይቆይ፣ አባባ። እዚያ ቻርጅ የሚያደርግልዎት የለም። ለትንሹ ልጄ መሳያ ይሆነዋል።»

ባይሳ አይሰማትም። ገጹን እያየ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መስታወት የተጻፈበትን ወዲያው አይረሳም፤ ከጠፋው ጽሑፍ ሥር የደበዘዘ ጥላ ቀርቷል። በጣቱ ይነካዋል። ጣት አይጽፍም፤ ቢሆንም ጥላውን ሆሄ በሆሄ ይከተለዋል፤ አንዱን በነካ ቁጥር ቀና ብሎ ዲሪርሳን ያያል።

ኦቦ ዋቅጅራ በትራቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

«ነጋን ጋሊ፣ ባይሳ። በሰላም ግባ። ተፍኪ ደጇ ይስፋልህ።»

«አሜን» ትላለች ሮዛ።

«የሄድክበት ይቅናህ። የተውከው ቤት ይባረክ።»

«አሜን።»

«ዲሪርሳ፣ አንተ አሜን አትልም?»

ዲሪርሳ ባይሳ ፊት ይንበረከካል። «ጥላ ይዟል፣ ላጽዳው» ይላል፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ይጫናል። መስታወቱ ከባይሳ ጣት ሥር አንዴ ድርግም ብሎ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይነጣል።

«አሜን» ይላል ዲሪርሳ።

የባይሳ ጣት አሁንም ነጩ ላይ ይሄዳል።