አንጮቴ ለስብራት

ድንች በሞላበት ገበያ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን አንጮቴ ፈልጎ ገዛ፤ ይህ ሥር የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል። ከነልጣጩ ቀቀለው፣ ላጠው፣ አድቅቆ ከትፎ በንጥር ቅቤ አሸው። ክንዷ በጄሶ የታሰረውን ሚስቱን ሌንሴን በማንኪያ ሲያጎርሳት ዓይኗን ሽሽት አቀርቅሮ ነበር።

ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ሊጠይቋት መጥተው ይህን ሲያዩ ተገረሙ።

«ይሄ የክረምት ጭቃ ስንቱን ሰበረ! አንቺስ ታድለሻል፤ የእኔው ጉድ እንኳን አንጮቴ ሊቀቅል ውኃ ማፍላት አያውቅም። ባልሽ ይህን ሙያ መቼ ተማረው?»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። እንደ ሁልጊዜው እሷም ጭቃውን እንድትረግምለት በልቡ ለመናት።

ሌንሴ የጎረሰችውን ዋጠች።

«አምና ጎድኔን የሰበረኝ ጊዜ» አለች።