የሁሪያ አምሮት

ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ ከሚስማሩ አልወረደም። ሠርኬ የሽሮውን ድስት ልትከድን ጓዳ ገብታ ነው ያየችው። እጇን ሰዳ ነካችው፤ ደረቅ ነው። ዛሬ ውሃም አልነካው።

ታዲያ ሽሮውን በምን ጨለፈችው?

ዐይኗ ወደ ዶሮ ወጡ ድስት ሄደ። ሌላው ጭልፋ እዚያ ውስጥ ቆሟል፤ እጀታው ላይ አልጫ ሽሮ ተለጥፎበታል።

ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ እስላም አይበላም፤ እስላም የባረከውንም ክርስቲያን አይቀምስም። መርካቶ ግን ሁሉንም በአንድ ግቢ ያኖራል። ስለዚህ ሠርኬ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ የተለየ ድስትና የተለየ ጭልፋ አላት። እንዳይሳሳት ብላ ክር ያሰረችበትም ራሷ ናት።

ሁሪያ ከመጋረጃው ወዲያ ሳህኗን በእንጀራ እየጠረገች ነው። የጨርቅ ነጋዴው የረዲ ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልቀመጥ ብሎ ሰንብቶ፣ ዛሬ በሩን አንኳኩታ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የእትዬ ሠርኬ አልጫ ሽሮ አማረኝ አለች። አምሮት የያዛትን ሴት መከልከል ጽንሱ ላይ ምልክት ያወጣል ይባላል። ሠርኬ ምልክቱ በልጁ ግንባር ላይ ገና ሳይወጣ ታያትና ተንደርድራ ጨልፋ ሰጠቻት። ጉዱን ያመጣው መንደርደሯ ነው።

ዶሮው ለእንግዳ ነበር። ባሏ ቦጋለ ከጎጃም የሚመጣ ወንድሙን ሊቀበል አውቶቡስ ተራ ሄዷል። ሠርኬ ሌሊት በሕልሟ ጥርሷ ሲወልቅ አይታለች። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ሕልም ከጨጓራ እንጂ ከሌላ አይመጣም የሚል ጽሑፍም አንብባለች። ግን ጥርስ ጥርስ ነው፤ ሞት ነው ይባላል። ቀኑን ሙሉ በሐሳቧ አውቶቡሱን ዓባይ በረሃ ውስጥ ስትገለብጥ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት መልስ በጭነት መኪና ስታስገጭ ዋለች። ጥርሷ ጓዳዋ ውስጥ ይወድቃል ብላ አላሰበችም።

እጇን ታጥባ ወጣች። ሹሩባ ልትሠራላት ቃል ገብታለችና ሁሪያ ሻሿን አውልቃ ከእግሯ ሥር ተቀመጠች። ማበጠሪያው ሲወርድ ፀጉሯ እየተነቀለ ይመጣል፤ ሁሪያም እጇን ወደ ኋላ እየዘረጋች ትቀበልና፣ ሰው እንዳይረግጠው በጣቷ ላይ ትጠመጥመዋለች። አፏ ሥራ አልፈታም። የጎረቤቱ ሬዲዮ ገና ጎህ ሳይቀድ ግርማዊነታቸው እያለ እንደሚቀሰቅሳት፣ ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋዋን እንደሚቀሟት፣ የረዲ ልብስ ላይ ያለው የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ባሏን እንዳስጠላት አወራች። አቅፎኝ ሲተኛ ሱቁን በሙሉ አቅፌ ያደርኩ ይመስለኛል ብላ ሳቀች።

ሠርኬም ሳቀች። ማበጠሪያውን አስቀምጣ መጎንጎን ጀመረች።

"አማቴ ክርስቲያን ቤት አፍሽን እንዳትከፍቺ ብለውኝ ነበር" አለች ሁሪያ፣ ዐይኗን ጨፍና። "እትዬ ሠርኬ ዕቃ ይለያሉ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይጠነቀቃሉ አልኳቸው።"

የሠርኬ ጣቶች ጉንጉኑ መሀል ቆሙ። ዝም ብትልስ? ማን ያውቃል? ጽንሱ አንድ ነገር ቢሆን ግን፣ ምክንያቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ልትሆን ነው፤ እያወቀች ሬሳ ልትሸኝ፣ እያወቀች ለቅሶ ልትቀመጥ ነው። ብትናገር ደግሞ ልጅቷ የበላችውን ሁሉ ታስመልሳለች፤ ዳግመኛም ከዚህ ቤት አትበላም። ሁለቱንም መዘነቻቸው። የምትናገረው ለሁሪያ ብላ ይሁን፣ ሸክሙን ለብቻዋ ይዛ ላለማደር፣ እርግጡን አላወቀችም።

"ሁሪያዬ" አለች። "ጭልፋው ተሳሳተብኝ።"

"የቱ ጭልፋ?"

"ሽሮውን የጨለፍኩበት። ከዶሮው ድስት የወጣ ነው። ሳላውቅ ነው፤ አሁን ነው ያየሁት።"

ሁሪያ አልዞረችም። ለሠርኬ ከኋላ የሚታያት የሁሪያ አንገት ብቻ ነው፤ ቀጭን አንገት፣ ግማሽ የተሠራ ፀጉር። ሠርኬ ማስታጠቢያውን በዐይኗ ፈለገች።

"ሥጋ ነበረበት?"

"አልነበረበትም። ቅባቱ ብቻ ነው።"

ሁሪያ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ከውጭ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

"አልመለሰውም" አለች በመጨረሻ፣ ራሷን እየታዘበች። "ውሃ የማይቀበል ሆድ፣ ይኸንን ተቀበለው።"

ሠርኬ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ሁሪያ ግን ሻሿን አንስታ በግማሹ ሹሩባ ላይ ጠመጠመች፤ የተነቀለውን ፀጉር ጨብጣ ተነሣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ነገ ሲሠሩ ይጥሩኝ" አለች። "እኔ ራሴ እጨልፋለሁ።"

በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ለሠርኬ ይቀላት ነበር።

ግቢውን ተሻግራ ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ረዲ ከሱቁ መጣ፤ ክንዱ ላይ የጨርቅ ጥቅል ይዟል። ደጃፏ ላይ ለቆመችው ሠርኬ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ እንዴት አመሹ እትዬ አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ እንዳትሰማ ይመስል፣

"ዛሬስ በላች?" አላት።

ሠርኬ ከትከሻው በላይ አየች። ሁሪያ በሯ ላይ ቆማ ታያታለች።

"በላች" አለች ሠርኬ።

"አልሐምዱሊላህ። እርስዎ ባይኖሩልን ምን ይውጠን ነበር" አለና ጨርቁን ወደ ሌላው ክንዱ አዙሮ፣ እየተጣደፈ ወደ ሚስቱ ሄደ። ሁሪያ መንገድ ለቀቀችለት። ለአፍታ ከሠርኬ ጋር ተያዩ፤ ከዚያ በሩን ዘጋችው፤ ቁልፉም ከውስጥ ዞረ።