ጋሽ ፉጨት ይለፉ

«በግራሽ በኩል የሚመጣ ጀልባ አለ። ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል ፈታኙ፣ ከኋላዋ ቆሞ።

ልጅቷ መሪውን ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። ዞር ብላ ታያለች። ያቺን ቀለሟ የተላላጠ ሰማያዊ የዓሣ ጀልባማ የትም ብታያት አትስታትም።

«ውይ፣ ጋሽ ፉጨት ናቸው!»

«ማን ናቸው አላልኩሽም።»

አክስቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሳቋን በመዳፏ ታፍናለች። ጀልባዋ የአክስቷ ናት፤ መንዳት ያስተማረቻትም እሷው ናት። ዛሬ ለፈተናው ብላ መንገደኛ አልጫነችም። ልጅቷ ካለፈች ከነገ ጀምሮ ሁለቱ በየተራ ሊነዱ ነው። ይሄን ደግሞ ያልሰማ ሰው የለም፤ ልጅቷ ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች። እናቷ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባ፣ ወደቡ ላይ ስልኳን ደቅና እየጠበቀች ነው።

«ምንም አላደርግም» ትላለች ልጅቷ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ። «መንገዳችን ሲቋረጥ፣ ሌላውን በቀኙ የሚያየው ነው የሚያሳልፈው። እሳቸው በቀኛቸው ያዩኛል፣ ወደ ቀኝ ታጥፈው በኋላዬ ያልፋሉ። እኔ ፍጥነቴንም አቅጣጫዬንም ሳልቀይር ዝም ብዬ እሄዳለሁ።»

«ጎበዝ» ይልና ፈታኙ አንገቱን ደፍቶ ነጥቧን ይጽፋል።

ሕጉንማ እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። ምንም አለማድረግ፤ ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

ግን ጋሽ ፉጨት ናቸው እኮ! ሲያፏጩ ስለሚውሉ ነው እንዲህ የሚባሉት። ዋና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሆና ፉጨታቸውን ስትሰማ ምሳዋን ጥላ እየሮጠች ትወጣ ነበር። አሁንም በር ላይ ከተገናኙ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብላ «እርስዎ ይለፉ» ነው የምትላቸው። ታዲያ ዛሬ መሪ ስለጨበጠች፣ ሽማግሌውን ገትራ ደረቷን ነፍታ ልታልፍ ነው? ጠገበች አይሉኝም? ትላለች በሆዷ።

ሳታስበው እጇ መሪውን ወደ ግራ ያዞረዋል። ቀስ ብላ፣ በጨዋ ደንብ፣ በኋላቸው ልታልፍ።

ልክ ያኔ ጋሽ ፉጨት፣ ሕጉ እንደሚለው፣ በኋላዋ ሊያልፉ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ።

እሷም እሳቸውም ተከባብረው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አፍንጫ ለአፍንጫ።

«አንቺ! ምን ነካሽ!» አክስቷ ተስፈንጥራ ትነሳለች። ሽማግሌው ሞተራቸውን ወደ ኋላ ማርሽ ይከቱታል፤ ጀልባቸው ትንገጫገጫለች፣ እሳቸው በግንባራቸው ይደፋሉ፣ አፋቸው ከመሪው ጋር ይጋጫል። የሁለቱ ጀልባዎች ጎን ይፋተጋል፤ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል።

ጋሽ ፉጨት ቀስ ብለው ይነሳሉ። የታችኛው ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ይደማል፣ በሸሚዛቸው እጅጌ ይጠርጉታል። ልጅቷን ያያሉ። የፈታኙን የደንብ ልብስ ያያሉ። እንደገና ልጅቷን። ነገሩ ገባቸው።

«ይቅርታ ጌታዬ» ይላሉ፣ ልጃቸው ሊሆን ለሚችለው ፈታኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አላየኋትም። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ዓይንዎ ካላየ ማን ባህር ላይ ይውጡ አለዎት?» ፈታኙ በድንጋጤ ፊቱ ነጥቷል። «ሐኪም አይቶ ደህና ነው እስኪል ጀልባ መንዳት የለም። ገባዎት?»

«ደግ፣ ይሁን።»

ከልጅቷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ አሁንም ምንም አለማድረግ። አክስቷን ታያለች። አክስቷ ሁሉንም አይታለች፤ ግን ወለሉ ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ልጅቷ ታውቃለች፣ ጆሮዋ ድረስ ይግላታል።

«አይተውኛል!» ትላለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። «እሳቸው ልክ ናቸው። የዞርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዲያልፉ ብዬ።»

«እንዴት፣ እንዲያልፉ ብለሽ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው… እሳቸው ቆመው እኔ ሳልፍ ነውር መሰለኝ።»

ፈታኙ አይስቅም። ቢስቅባት ይሻላት ነበር። «ምን እንደምታደርጊ ካላወቁ በየት በኩል ይለፉ?» ይላታል ዝግ ብሎ፣ የጻፈውንም ይሰርዘዋል። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ይዞራል። «እርስዎም ዓይኔ አያይም ብለውኛል። ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆን አልችልም። ምርመራው አይቀርም።»

«ውሸታቸውን እኮ ነው! ለኔ ብለው ነው!»

«እሱን ሐኪሙ ይንገረኝ።»

«ተይው ልጄ» ይላሉ ጋሽ ፉጨት። «ዓይኔን ሰው ካየልኝም ቆየ።» ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸው ያማቸዋል።

አክስቷ መጥታ መሪውን ከእጇ ትወስዳለች። ከሩቅ፣ ወደቡ ላይ፣ አንዲት ሴት ስልክ የያዘ እጇን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች፤ እናቷ ናት።

ሰማያዊዋ ጀልባ ወደ ኋላ ፈቀቅ ትላለች። ጋሽ ፉጨት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሊሰናበቷት ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ። ልጅቷ ፊቷን ማዞር ያምራታል። አታዞርም፤ ቀጥ ብላ ታያቸዋለች።

ፉጨቱ አይወጣም። ትንፋሽ ብቻ ነው። በእጅጌያቸው ደሙን ጠረግ አድርገው፣ እንደገና ያሞጠሙጣሉ።