በእግሩ የሚሄደው ተመራጭ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ የቀሩኝ አራት ጥርሶች ይርገፉ።

አንድ የመርሐቤቴ ሰው በእንግሊዝ አገር ታክሲ ይነዳል። የከተማው ምክር ቤት ባቡር ጣቢያው በር ላይ ያለውን ታክሲ ተራ ሊዘጋ ነው፤ ከተዘጋ ሰውየው ከእንጀራው ተፈናቀለ ማለት ነው። አንድ ፀሐያማ ጠዋት፣ ይዘጋ ባዩ የምክር ቤት ተመራጭ ራሱ መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ የሚሄድበት የከተማው ሬዲዮ ገና መንገድ ላይ ሳለ በቀጥታ ሥርጭት ሊያወያየው ነው።

«ያ ታክሲ ተራ ለማን ይጠቅማል? ታክሲ ለሰነፍ ነው» አለ ተመራጩ፣ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። «እኔ ይኸው ወደ እናንተ በእግሬ እየመጣሁ ነው።»

«ታዲያ ምነው አላለከለኩም?» አለች ጋዜጠኛዋ።

«ለምጄው ነው።»

ሹፌሩ በመስታወት አየው። ተመራጩም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በል አለው። የሹፌሩን የታክሲ ፈቃድ የሚያድሰው ይኸው ሰውዬ ነው። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና ከተራራ ተራራ እንደሚጣራ ሰው ድምፁን ለቀቀው፦

«ጌታዬ፣ እንደ ልማድዎ ሰው እንዳያይዎት ጥጉ ላይ ላውርድዎ ወይስ ዛሬ በሩ ድረስ ላድርስዎ?»

ታክሲ ተራው ዛሬም እዚያው ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የፈጠርኩት ፀሐይዋን ብቻ ነው። ሰውዬው «በእግሬ» ሲል ዶፉ የታክሲውን ጣራ እየደበደበው ነበር።