ያልተራገፈ ሻሽ

ካልሲየም ከሐይቁ ውሃ ተጣርቶ ከወጣ ወዲህ ቀንድ አውጣዎቹ ቅርፊት መሥራት አቅቷቸው አለቁ፤ ቢልሃርዝያም አብሯቸው ጠፋ። ኖራ ወደ ውሃው እንዳይመለስ በሕግ ታገደ። የአንጓች ሥራ ከአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ኖራ መፋቅ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤቷ ስትመለስም የመንደሩ መግቢያ ኬላ ላይ የኖራ ብናኝ የያዘውን ሻሿን ማራገፍ አለባት።

የልጇ የፈንታነሽ ሆድ ገፍቷል። ጥርሷ ይነቃነቃል። ከዚያው ሐይቅ የምትጠጣው ዶሯቸው እንኳ የምትጥለው እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ እጅ ላይ ይፈሳል።

«ምን አማረሽ? ዓሣ ላምጣልሽ?» አለቻት አንጓች ጠዋት።

«እማ፣ እንዳትስቂብኝ።» ፈንታነሽ አቀረቀረች። «ግድግዳ አማረኝ። ነጭ ግድግዳ።»

አንጓች አልሳቀችም። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው።

አመሻሽ ላይ ኬላው ጋ ሳትደርስ ሻሿን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«አራገፍሽ፣ እትዬ?» አላት ጠባቂው።

«አራገፍኩ።»

ቤት ገብታ ሻሹን ልጇ ጭን ላይ አኖረችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ውጭ የሰፈሩ ልጆች ሐይቁ ውስጥ ያለ ሥጋት ይንቦጫረቃሉ። ከኋላዋ ፈንታነሽ ጨርቁን ስትልስ ይሰማታል።