እሳት የማትሻው ማሲንቆ

«እንቺ፣ ውሰጃት!» አለ አዝማሪው ውባንተ ማሲንቆዋን ወደ አሰበች እየገፋ። «የማሲንቆ ሠሪው የአዛናው ልጅ ጣውላ ታሸክመኛለች ብዬ አላሰብኩም። እኔ የጠየቅሁሽ እንደ አባትሽ ያለ የቆዳ ነው።»

«ይስሙኝ እንጂ፣ ጋሼ! የአባቴ ቆዳ በአብርሃ ጅራ ክረምት እርጥብ ጨርቅ ነው የሚሆን። የዚች ፊቷ ዋንዛ ነው፤ ዝናብ አያላላትም፣ እሳትም አትሻ። አንዴ ብቻ ይምቷት።»

አሰበች ንቅንቅ አላለችም። ይህ ሰው ዛሬ እምቢ ብሎ ወደ ሳንጃ ከሄደ ቆላውን የሚዞር አዝማሪ ሁሉ የዋንዛዋን አይነካትም፤ ሁሉም የውባንተን እጅ አይቶ ነው የሚገዛ። እሷም የሟች አባቷን ሥራ ስትገለብጥ መኖሯ ነው። ሞቼ ነው!

የዝናሽ ጠላ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከደጋ ሰሊጥ ሊያርሙ የወረዱ ሳሉግ የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ዝናቡ ከእርሻ መልሷቸው በቀን ይጠጣሉ። ውባንተ የራሱን የቆዳ ማሲንቆ ሞከራት፤ ላልታ ትንፍሽ አላለችም።

«እሽ፣ አምጫት እስቲ» አለ እየተነጫነጨ።

መታት። እሰይ! ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ ጮኸች። ቤቱ አጨበጨበ። አሰበች ሳቋ አመለጣት።

ግጥሙ ላይ ግን ውባንተ ተደናበረ። ፊት ለፊቱ ያለውን ወጣት «የወሎው ጎበዝ» ብሎ ሲያወድሰው፣ «ኧረ እኔ ጎጃሜ ነኝ!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ያለውንም ስሙን አጥቶ «አንተ ወንድሜ» ብሎ አለፈው፤ ሰውየው ቀና ብሎም አላየው። ውባንተ ፊቱ ጠቆረ። የዋንዛዋን አስቀምጦ የቆዳዋን አነሳና ቆዳው እንዲወጠር ሊያሞቃት ከከሰሉ ምድጃ ዳር ቁጢጥ አለ።

አሰበች እንባዋ መጣ። የዋንዛዋን ድምፅ አላነሳት፣ ታዲያ ምን ጎደላት? ውባንተ የቆዳዋን ፍሙ ላይ ያገላብጣል።

«እንግዳው፣ ቅዳልኝ እንጂ» አለ ከውባንተ ኋላ አንዱ ጠጪ።

«አንተ ምናለ፣ እጮኛህ ደንበጫ ቀረች ወይስ ተከተለችህ?» አለ ያ እንግዳው የተባለው ጎጃሜውን።

የውባንተ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቆዳው ከሞቀ ቆይቷል፤ እሱ አሁንም ያገላብጣል።

ውይ፣ እኔ ሞኟ! አለች በሆዷ። ለካ አዝማሪ የጠጪውን ስምና አገር የሚለቅመው ቆዳ በሚያሞቅባት በዚች ጊዜ ኖሯል። እሷ እሳቱን ስታስቀርለት ጊዜዋንም አስቀርታበታለች።

የዋንዛዋን ብድግ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠችና ፍሙ ላይ ዘረጋቻት።

«ምን ሆንሽ? እሳት አትሻም አላልሽም?»

«አትሻም» አለች፤ ቀስ እያለች አዞረቻት። «ያ ባለ ቀይ ሸሚዙ ስሙ እንግዳው ነው። ጎጃሜው ምናለ ይባላል፤ ደንበጫ እጮኛ አለችው። ከጥግ ያሉትን ገና አልሰማሁም።»

ውባንተ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ የቆዳዋን ግድግዳ አስደግፎ የዋንዛዋን ከእጇ ተቀበላትና፣ ጆሮውን ወደ ጥጉ ጥሎ ፍሙ ላይ ያገላብጣት ጀመር።