የማይላጠው ምስል

ባንተአምላክ በደሴ የመቃብር ሰሌዳ ይሠራል፤ ፎቶ ብረት ላይ አትሞ በፕላስቲክ ቅብ ይሸፍነዋል። እማማ ዘርትሁን ጦር ሜዳ ሄዶ መርዶው የመጣውን የልጃቸውን ምስል አሠርተው፣ አስከሬኑ ባይገኝም በአባቱ መቃብር ላይ አቆሙት። ክረምት ሲገባ ግን ቅቡ ከነፊቱ ተላጠ።

«ልጄን ዳግመኛ ገደልክብኝ!» አሉት እያለቀሱ።

ቃላቸው እንቅልፍ ነሳው። ሲመራመር ቅቡን ከብረቱ የሚያላቅቀው ከሥር የቀረ ቅባትና ዝገት መሆኑን ደረሰበት። ብረቱን በአሸዋ ፍቆ አጠበው፤ ፎቶውን ዳግም አትሞ፣ አዲስ ቅብ ቀብቶ በምድጃ ሙቀት አደረቀው። በቢላ ቢፍቀው፣ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፈው ንቅንቅ አላለም። እማማ ሰሌዳውን ስመው፣ እሱንም መርቀው ወሰዱ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ምርኩዝ የያዘ ከሲታ ወጣት ያንኑ ሰሌዳ ታቅፎ ገባ። ብረቱ ጠርዙ ላይ ተቀጥቅጧል፤ ምስሉ ግን እንደ አዲስ ያበራል።

«ጋሼ፣ ይሄን ፊት ማስለቀቅ ይቻላል? እኔ ሞክሬ አቃተኝ።»

«ምነው? የሟች ምስል እኮ ነው!»

«ከጦር ምርኮ ተፈትቼ ቤት ከገባሁ ወር ሆነኝ» አለ ወጣቱ። «እናቴ ግን ይሄን እያሳየች፣ ‹ልጄ ይኸው፤ አንተ ማን ነህ?› ትለኛለች።»